ከእናት ብቻ

በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጽሐፍ የምትጠርዘውን ልጅ ባልደረቦቿ «ወጌሻዋ» ይሏታል። ጀርባው የተሰበረ፣ ገጹ የተበታተነ መጽሐፍ ሲመጣላት እንደ ታመመ ሰው አገላብጣ ታየዋለች፤ ከዚያ «ይድናል» ወይም «ጊዜው አልፏል» ትላለች። ስሙ የወጣላት በዚህ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከአንድ የሙጫ ጣሳና በእጅ ከሚዘወር የብረት መጫኛ ጋር ኖራለች፤ በሥራዋ የሚስተካከላት አልነበረም።

እሱ ደግሞ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጥራዛቸው የለቀቀ የላብራቶሪ መዝገቦች በካርቶን ተሸክሞ መጣ። በሳምንቱ ሌላ መዝገብ ይዞ ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ያመጣውን መጽሐፍ ወጌሻዋ ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «ይሄ በዕድሜ አይደለም የተገነጠለው፤ ሰው ነው የገነጠለው» አለችው። እሱ አንገቱን ሰበረ። እሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የመረከቢያ ወረቀት ጻፈችለት፤ ከሥሩም «በሽተኛው እስኪድን ጠያቂው ሐሙስ ሐሙስ ይምጣ» የሚል ጨመረችበት። እንዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሞላው።

አንድ ለእናቱ ነው። አባቱ ዳኛ ነበሩ፤ ሞተዋል። እናቱ የትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነው ጡረታ የወጡ፣ የሳሎናቸው ግድግዳ እስከ ጣሪያ በመጽሐፍ የተሞላ ሴት ናቸው። ወጌሻዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋበዘች ዕለት ሥራዋን ጠይቀዋት ስትነግራቸው፣ እንዴት ያለ ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው አሏት። ቃሉ ምስጋና ነበር። ዓይናቸው ግን ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ ለክቷት ሲያበቃ ወደ ልጃቸው ዞረ። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ምን እንደጎደላት ባታውቀውም የሆነ ነገር እንደጎደላት ተሰማት።

* * *

የምትኖረው ከእናቷ ጋር፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው። እናቷ በወጣትነታቸው የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ድምፃቸውን ብቻ ሰምተው ያፈቀሯቸው ወንዶች ነበሩ ይባላል፤ ገና በልጅነቷ የሞተው አባቷም አንዱ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን የዓይናቸው ቆብ ወደ ታች እየወረደ መጣ። ሰው ሲያናግሩ በቆባቸው ሥር ለማየት አገጫቸውን ቀና ማድረግ ነበረባቸው። ይህን የማያውቁ ጎረቤቶች «ኩራተኛዋ ኦፕሬተር» የሚል ስም አወጡላቸው። ደረጃ ሲወጡ ግማሹ ላይ ቆመው ቦርሳቸው ውስጥ አንድ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ፤ የሚፈልጉት ግን ትንፋሻቸውን ነበር።

ፍቅረኛዋ ቤታቸው በመጣበት በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ ልብ አለ። የዕለት ሥራው ጡንቻ መመርመር ነውና፣ ሻይ ሲቀዱለት ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጃቸው መያዛቸውን፣ ቀድተው ሳይጨርሱ ማሳረፋቸውን አየ። ዝም ብሎ ጠጥቶ ወጣ። በር ላይ ግን እናትሽን እኛ ሆስፒታል ያለችው የጡንቻ ሐኪም ብታያቸው ምን ይመስልሻል አላት። ተቆጣችው። እናቴ ደክሟት እንጂ አልታመመችም ብላ ሁለት ሐሙስ አኮረፈችው። በሦስተኛው እናትየው ራሳቸው፣ ልጁ የሚለውን እንስማ እንጂ ብለው ተነሡ።

ሐኪሟ ከእናትየው ጭን የባቄላ ፍሬ የምታህል ጡንቻ ወስዳ ወደ ላብራቶሪ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ በሽታው ስም ነበረው፤ መድኃኒት ግን አልነበረውም። ከዚያ ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞር አለችና፣ አንቺስ ድካም አይሰማሽም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ወጌሻዋ አይሰማኝም አለች። ዋሸች። ከአንድ ዓመት ወዲህ የመጫኛው መዘውር እየከበዳት ነበር፤ ዝጎ ነው ብላ ሦስት ጊዜ ዘይት ቀብታዋለች። ሐኪሟ ለማንኛውም ይታይ አለችና ከእሷም ጭን ናሙና ተወሰደ።

* * *

ናሙና ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፍበት። በዚያ ማክሰኞ ከጭን የተወሰደ ጡንቻ የመጣው ግን አንድ ብቻ ስለነበር ፍቅረኛዋ የማን እንደሆነ አወቀ። ለባልደረባው አሳልፎ መስጠት ይገባው ነበር። እንደሚገባውም ያውቃል። ሌላ እጅ እንዲነካው ግን አንጀቱ አልቻለም። ራሱ በስሱ ቆረጠው፣ ራሱ ቀለም አስነካው፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ጎንበስ አለ።

ጤነኛ ጡንቻ እዚያ ሲታይ ተጠጋግቶ የተነጠፈ ድንጋይ ይመስላል። የእሷም በአብዛኛው እንደዚያ ነበር። ሆኖም እዚህም እዚያም ዳር ዳሩ የተቦጫጨቀ፣ ጠርዙ በቀይ የተከበበ የጡንቻ ክር አየ። በእናትየው ላይ እንዲህ ያለው ብዙ ነበር። የእሷን አንድ፣ ሁለት እያለ መቁጠር ጀመረና አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ዓይኑ በእንባ ተሸፍኖ ተወው።

ሊነግራት አይችልም። የዘረመል ምርመራው ወደ ሌላ ቦታ ተልኳል፤ ውጤቱ ተሟልቶ ከሐኪሟ አፍ እስኪወጣ ድረስ ዝም ማለት የሥራው ሕግ ነው። ሳይነግራት ደግሞ ፊቷን ማየት አልቻለም። ስለዚህ ቀረ። የመጀመሪያውን ሐሙስ ሥራ በዛብኝ አለ። ለሁለተኛው ምክንያት እንኳ አልሰጠም። ስትደውልለት ድምፁ እንደ ባዕድ ሰው አጭር ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ንግግሯን ሳትጨርስ «እሺ፣ ደህና ሁኚ» ብሎ ዘጋባት።

ወጌሻዋ ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች። ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባላት ብሎ ብዙ ይቆያል። ተጠየፈኝ አለች በልቧ። እናቴን አይቶ የእኔ ነገ ታየው አለች። መልሳ ደግሞ እሱ እንደዚያ አይደለም ትላለች። ልቧ እንዲህ ከራሱ ጋር ሲሟገት አሥራ ስድስት ቀን አለፈ።

* * *

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ደረጃውን የወጡት እናቱ ነበሩ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆመው የክፍሉን ዙሪያ ተመለከቱ። ወጌሻዋ እጇን ሙጫ ስለነካው በክርኗ ወንበር ስባ እንዲቀመጡ ለመነቻቸው። ተቀመጡ። ስለ መጽሐፍ፣ ስለ አየሩ ጥቂት አወሩ። ከዚያ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

«ልጄ፣ የመጣሁት ላሳዝንሽ አይደለም» አሉ። «እሁድ ዕለት ልጄን ኩሽና ውስጥ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት። አባቱ ሲሞት እንኳ እኔ ፊት አላለቀሰም። አስጨንቄ ጠየቅኩት። ሕመሙ አንቺም ላይ እንዳለ ነገረኝ።»

ወጌሻዋ እጇ ላይ ያለውን ሙጫ ተመለከተች። መድረቅ ጀምሯል።

«ለእኔ ግን የነገረኝ የለም፣ እትዬ» አለች።

ርዕሰ መምህርቷ ደነገጡ። እሳቸው የሰሙት ነገር ለባለጉዳይዋ ያልደረሳት መሆኑን አላወቁም ነበር፤ የእውነት አላወቁም ነበር። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የመጡበትን ትተው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ግን እናት ናቸውና አልተውትም። ልጃቸው አንድ ብቻ መሆኑን፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ልጆች ሲያይ ዓይኑ እንደሚቀር፣ አንዲት ሴት ይህን ሕመም ለምትወልዳቸው ሁሉ እንደምታስተላልፍ መስማታቸውን ነገሯት። እሱ በገዛ አፉ አይተውሽም፤ ለዚህ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት አሏት። ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው ይቅርታ ጠየቋት። ይቅርታውም ከአንገት በላይ አልነበረም።

ወጌሻዋ በእሳቸው አልተናደደችም። እንደ እሳት የለበለባት ሌላ ነገር ነው። የራሷን ሰውነት ምስጢር ለእናቱ ነግሮ ለእሷ የደበቀው ያ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው ሰው መሆኑን ማመን አቃታት። እጇን ስትታጠብ ሙጫው አልለቅ አላት፤ ብትፈትገው ብትፈትገው አልለቅ አላት፤ የምታለቅሰውም በዚያ የተነሣ እንደሆነ ለራሷ ነገረችው።

* * *

የሐኪሟ ቀጠሮ በማግስቱ ነበር። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ክብ ሠርታ፣ ክቡ ውስጥ ትናንሽ ሞላላ ነገሮች እየሣለች አስረዳቻቸው። ሰውነታችን በተሠራባቸው ሴሎች ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ የኃይል ማመንጫዎች አሉ፤ ለጡንቻ ጉልበት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። የራሳቸው የሆነ ትንሽ ዘረመል አላቸው። በእናንተ ላይ ከዚያ ዘረመል አንዲት ፊደል ተቀይራ ተገኝታለች አለች።

እናትየው አገጫቸውን ቀና አድርገው ሥዕሉን ሲመለከቱ ቆዩ። «ይሄ ነገር ከየት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማይቶኮንድሪያ ለልጅ የሚደርሰው ከእናት ብቻ ነው። ከአባት አይመጣም።»

«ከእኔ ነዋ።»

«ከእርስዎ፣ ከእርስዎም እናት፣ ከእሳቸውም እናት ሊሆን ይችላል። ማንም መርጦ የሰጠው ነገር አይደለም፣ እናቴ።»

ሐኪሟ የማታውቀውንም አልደበቀችም። ይህችው የፊደል ለውጥ ምንም ሳይሆኑ ባረጁ ጤነኛ ሰዎች ላይም ተገኝታለች። በጡንቻው መድከም ውስጥ ድርሻ ሳይኖራት አይቀርም፤ ብቻዋን ይሁን ከሌላ ነገር ጋር ተደምራ ግን ገና አልተለየም። ልጅቷ ወደፊት እንደ እናቷ ልትሆን ትችላለች፤ ትንሽ እየደከማት ዕድሜዋን ልትጨርስም ትችላለች። ብትወልድ ለሁሉም ልጆቿ ይተላለፋል፤ ለየትኛው ብዙ፣ ለየትኛው ጥቂት እንደሚደርሰው አስቀድሞ የሚናገር የለም። ወጌሻዋ ቁርጧን ማወቅ ነበር የፈለገችው። «ይችላል» የሚል ቃል እንዲህ እንደሚከብድ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ቀጥታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የታጠበ ልብስ ይዛ ስትገባ መስተዋት ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ስትወለጂ» አሉ ዞር ሳይሉ፣ «ያየሽ ሁሉ ዓይኗ ያንቺ ነው፣ ቁርጥ አንቺን ይለኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደስ ይለኝ ነበር።»

ወጌሻዋ ከኋላቸው አቅፋ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፤ አሁንም ደስ ይበልሽ አለቻቸው። እናትየው ግን ከዚያ ጀምሮ ፊቷን ትክ ብለው ማየት ተዉ። እህል አስጠላቸው። «እኔ ነኝ» የምትል ቃል ከአፋቸው አልጠፋ አለች፤ ሰሃን ሲያነሡ፣ መጋረጃ ሲስቡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔ ነኝ» ይላሉ። ልጅቷ ይህን በሰማች ቁጥር የራሷን ሕመም ትረሳለች።

* * *

ሐሙስ ደረሰ፤ እሱም መጣ። ውጤቱ ከሐኪሟ መውጣቱን ሰምቷል። ባልደረቦቿ ለምሳ ወጥተው ስለነበር በክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሁሉንም ተናገረ፤ ስለዚያ ማክሰኞ፣ ስለ ቁጥሩ፣ አሥራ አንድ ላይ ስላቆመው ቆጠራ። ለእናቱ መናገሩን በተመለከተ ምንም ማመካኛ አላቀረበም። አመለጠኝ፣ ጥፋተኛ ነኝ ብቻ አለ።

«አሥራ ስድስት ቀን» አለችው፣ «አሥራ ስድስት ቀን የተጠየፍከኝ መስሎኝ ነበር።»

«እጄ ላይ ነበርሽ» አላት። «ስምሽ ባይጻፍበትም አንቺ ነበርሽ። አይቼ ስጨርስ የተረፈውን ወደ ማቀዝቀዣው መመለስ አቃተኝ። ብርድ ላይ ጥዬሽ የምሄድ መሰለኝ።»

ቁጣዋ እዚያው ቀለጠ። ሙጫ የነካውን እጇን ሳይጠየፍ በሁለት እጁ ያዘና፣ በሚመጣው ወር እንጋባ፣ እናቴ ዛሬ ባይዋጥላቸው ነገ ይለምዱታል፣ ደረጃ የሌለው ቤት እፈልጋለሁ እያለ ያወራ ጀመር። ወጌሻዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ልጅ ትፈልጋለህ?» አለችው።

«አንቺን ነው የምፈልገው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

 መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ አለፈ።

«እፈልግ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁን አላውቅም። ካንቺ ጋር ያለ ልጅ መኖር የምችል ይመስለኛል። ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚሰማኝ ግን አላውቅም። ብዋሽሽ ታውቂብኛለሽ።»

የወደደችው ለዚህ ነበር። መዋሸት አያውቅበትም። ዛሬ ግን ይህ ጠባዩ እንደ ስለት ቆረጣት።

«ዛሬ እንኳ ብትዋሸኝ ምን ነበረበት» አለችው ቀስ ብላ። ከዚያ ሂድና አስብበት፣ እኔም ላስብበት አለችው። ሲወጣ በር ላይ ዞሮ አያት፤ እሷም አየችው። በዚያ እይታ ውስጥ ገና ብዙ ተስፋ ነበር።

* * *

ቤት ስትገባ እናቷ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው ነበር። ልጁ እንደመጣ ከፊቷ አውቀዋል። ምን አለሽ ብለው ጠየቋት። ኮቷን ስትሰቅል ዘገየች፤ እናቷም ያችን መዘግየት እንደ መልስ ቆጠሯት።

«በእኔ የተነሣ ተወሽ» አሉ።

ወጌሻዋ አስባ አልነበረም። ቃሉ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ብቻ ከአፏ ወጣ።

«እኔ ነኝ የተውኩት፣ እማዬ። ልቤ ከእሱ ከወጣ ቆይቷል። ያለ እናቱ ፈቃድ ውሃ የማይጠጣ ወንድ መሆኑን ሳይ ሰለቸኝ። ሕመሙ ኖረም አልኖረም አላገባውም ነበር።»

እናትየው ከስንት ቀን በኋላ አገጫቸውን ቀና አድርገው ፊቷን አዩ። «እውነትሽን ነው?» አሉ። እውነቴን ነው አለች። ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ተነሥተው ራሳቸው ሾርባ አሞቁና ዳቦ ቆርሰው በሉ። ከቀጠሮው ቀን ወዲህ ጠግበው ሲበሉ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው። ልጅቷ ከፊታቸው ተቀምጣ እያንዳንዷን ጉርሻ ስትመለከት፣ ይህን ውሸት ከእንግዲህ ልታፈርሰው እንደማትችል ገባት።

በማግስቱ ጻፈችለት። «አስቤበታለሁ። ልቤ ከአንተ ጋር የለም። ሐሙስ ሐሙስ አትምጣ።» ሌላ ቃል አልጨመረችበትም፤ አንዲት ቃል ብትጨምር እጇ እውነቱን ያወጣባት ነበር።

አላመናትም። ሁለት ጊዜ ማተሚያ ቤት መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወረቀት መጋዘን ገብታ ባልደረቦቿ የለችም እንዲሉላት አደረገች። ከዚያ ወደ ቤቷ ደብዳቤ መላክ ጀመረ። ፖስተኛው ቀን ቀን ስለሚመጣ ፖስታውን የሚቀበሉት እናቷ ናቸው። ስትገባ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይጠብቋታል። እሷም ፊታቸው ቆማ፣ ሳቅ ለማለት እየሞከረች፣ «ለላኪው ይመለስ» ብላ ትጽፍበታለች። በአምስት ወር ውስጥ ስድስት መጡ። አንዱንም አልከፈተችውም። በሰባተኛው ወር እሱ ሌላ ከተማ ባለ ላብራቶሪ ሥራ ይዞ መሄዱን ሰማች።

ቤት ውስጥ ማልቀስ አትችልም ነበር። ሲብስባት መጫኛው አጠገብ ሄዳ ታለቅሳለች፤ ባልደረቦቿ ሲጠይቋት የሙጫው ሽታ ነው ትላቸዋለች። ወጌሻዋን ከስምንት ዓመት በኋላ ሙጫ አልስማማት አለ እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አብራቸው ትስቃለች። ያ ሳቅ ከልቅሶው ይልቅ ያደክማት ነበር።

* * *

እናቷ ሦስት ዓመት ቆዩ። መጀመሪያ ደረጃ ተዉ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ በኋላ አልጋቸው ላይ ሆነው መተንፈስ ራሱ ሥራ ሆነባቸው። ያ ወንዶች ያፈቀሩት ድምፅ ክር አከለ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጅቷ ትራሳቸውን ከፍ ስታደርግላቸው እጇን ያዙት።

«ደብዳቤዎቹን ስትመልሻቸው» አሉ በእረፍት በእረፍት፣ «እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። አይቼዋለሁ።»

ልጅቷ ትራሱን አስተካከለች።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄ ነበር። እወደዋለሁ የሚል ፊት ይዘሽ ተውኩት ስትዪኝ አላጣሁትም። ክፈቺው ማለት ነበረብኝ። ክፈቺው ብልሽ ግን ጥፋቱ ተመልሶ እኔ ላይ ሊመጣ ነው። ትንሽ ጊዜ ንጹሕ ሆኜ መኖር አማረኝ፣ የኔ እናት። ባንቺ ዕድሜ ኖርኩበት።»

 ምነው አንድ ቀን፣ ከስድስቱ በአንዱ ቀን ብትነግሪኝ ብላ ወጌሻዋ ልትጮህ ቃጣት። እናቷን አየቻቸው። ዓይናቸው ተከድኗል፤ ከቆባቸው ሥር ሊያይዋት አገጫቸውን ማንሣት እንኳ አልቻሉም። ስለዚህ አገጫቸውን በጣቷ ቀስ ብላ አነሣችላቸው፤ እንዲያይዋት።

«እኔም ፈርቼ ነው፣ እማዬ» አለች። «ውስጡ ያለውን ፈርቼ ነው የመለስኳቸው። ላንቺ ብዬ ብቻ አይደለም።»

ግማሹ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ለራሷ አስቀረችው። እናትየው በዚያው ሳምንት አረፉ። ሲያርፉ ፊታቸው ላይ ጭንቀት አልነበረም፤ ልጅቷም ከዚያ በኋላ በሌላው ሁሉ ስታዝን በዚህ አዝና አታውቅም።

* * *

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሲበታተን አንድ ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ። ከሩቅ ነው የመጣው፤ ጫማው የመንገድ አቧራ ለብሷል። ፀጉሩ ጆሮው አካባቢ ሽበት ጀምሮታል። ነፍስ ይማር አላት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችው።  እሱ ለመሄድ ሲዘጋጅ እሷ መናገር ጀመረች። ስለ ሾርባው፣ ስለ ስድስቱ ፖስታ፣ እናቷ በመጨረሻ ስላሏት ሁሉንም ነገረችው። አንገቱን አቀርቅሮ አንዴም ሳያቋርጣት ሰማት።

«የመጨረሻው ደብዳቤ ምን ይል ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«አላውቅም ያልኩሽን አሁን አውቀዋለሁ ይል ነበር» አላት። «ያለ ልጅ ካንቺ ጋር ማርጀት እፈልጋለሁ፣ አስቤበታለሁ ይል ነበር። መልስሽን ስምንት ወር ጠበቅኩ።»

ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መሬቱ እያየ ቀጠለ። አምና አግብቷል። ሚስቱ ደግ ሰው ናት። በሚመጣው ወር አባት ይሆናል። ይህን ባይነግራትም ይችል ነበር፤ ግን መደበቅ ዛሬም አልተማረም።

ወጌሻዋ «እንኳን ደስ አለህ» አለችው። ቃሉን ስታወጣው እንደ ለመደችው ልትዋሽ ተዘጋጅታ ነበር። ከአፏ ሲወጣ ግን እውነት ሆኖ አገኘችው፤ የእውነት ደስ ብሏታል።  በቀብሩ ላይ ጥርሷን ነክሳ የያዘችው እንባ ወረደ። እሱም አለቀሰ። ሊያባብሏት የቀረቡ ሰዎች ለእናቷ የሚያለቅሱ መስሏቸው ዞር አሉላቸው።

ወደ በሩ አብረው ሄዱ። መንገዱ ትንሽ ዳገት አለው፤ እሷ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች፤ እሱም አብሮ ቆመ። በሦስተኛው ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ጥቂት አየር ላይ ቆየና መለሰው፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው። በሩ ላይ ተለያዩ። አልነካትም። ያልነካት ቦታ ግን ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ሞቆ ቆየ።